ከግድቡ በታች የለቀቅናቸው

ይቻንግ፣ ከስምንተኛው ጨረቃ ሙሉ ቀን ማግስት

በሰው አገር ወንዝ ዳር ላለኸው ለወንድሜ ለሚንከ፤

እንደምን ከርመሃል? ብርዱ አጥንትህ ውስጥ አይግባ፣ የምታጠናቸው ዓሦች መረብህን አይፍሩት፣ አለቃህ ፊቱን አያጥቁርብህ። እኔ እህትህ ሳይዩን ምሕረቷ የማያልቀው ጓንዪን ትመስገን ደህና ነኝ፤ ደህና ማለትም ያንሰኛል። ጎረቤቶቼ «ይቺ ሴትዮ ሎተሪ ደርሷት ደብቃን ነው» እስኪሉ ድረስ ፊቴ በርቷል። እናቶቻችን የአጎት ልጆች ስለሆኑ ብቻ ይህን ሁሉ ወሬ ትሸከማለህ፤ ቻለው።

ምክንያቱ ባለቤቴ ዶንግሼንግ ነው። ባለፈው የብርድ ወራት ሐኪሙ የሳንባውን ፎቶ አይቶ እኔን ብቻዬን ወደ ኮሪደር ጠርቶ ያለኝን ጽፌልህ ነበር። ይኸው ያ ሰውዬ ትናንት ሁለት የጨረቃ ኬክ በላ፤ በቃሪያ ዘይት የሚሠራውን ኑድል አምጪ አለ፤ «ሬዲዮኔ ምነው ዛሬ ባትሪ አለቀባት?» ብሎ እኔን ወሬኛዋን ይሰድበኝ ጀመር። ሲሰድበኝ በደስታ አለቀስኩ። ያን ያህል ዘመን በዚህ ወንዝ ላይ ዓሣ ያጠመደ ሰው ግድግዳ እያየ ዝም ብሎ ከርሞ፣ አፉ መሳደብ ከጀመረ ዳነ ማለት ነው።

ያዳነው መድኃኒቱ ብቻ አይመስልህ። የቤተ መቅደሱ ሴቶች ማኅበር ገብቻለሁ። ሰብሳቢያችን ወይዘሮ ሆው ትባላለች፤ ጡረታ የወጣች የባንክ ሠራተኛ ናት፣ ድምፅዋ ግን የወታደር ነው። ጨረቃ በወጣችና በሞላች ቁጥር ሊታረዱ የቀረቡ ፍጥረቶችን ከገበያ ገዝተን፣ የበሽተኛችንን ስም ሹክ ብለንባቸው ወንዝ እንለቃቸዋለን። ከቢላ ሥር ነፍስ ያስመለጠ ሰው ለገዛ ወገኑ ዕድሜ ያስጨምራል። ኤሊ ለቀቅን፣ ዶንግሼንግ ራሱን ቀና አደረገ። ዱባ ዱባ የሚያህሉ ካርፕ የሚባሉ ዓሦች ለቀቅን፣ ሾርባ ጠጣ። አሁን ሆው «ትልቅ በሽታ ትልቅ ነፍስ ይፈልጋል» ትላለች።

ስለዚህ ልጠይቅህ። ዕድሜህን የሰጠሃት ያቺ አሮጊት ዓሣ፣ አፍንጫዋ የሾለው፣ ጀርባዋ ላይ አጥንት እንደ ጋሻ የደረደረችው ስተርጅን፣ አሁንም በወንዛችን አለች? የምትተኛውስ የት ነው? ልንጸልይላት ፈልገን ነው። ቶሎ ጻፍልኝ፤ መልስህ ሲዘገይ ሚስት አገባህ እያልኩ አስባለሁ።

እህትህ ታን ሳይዩን


ቱልቻ፣ መስከረም 28

ለእትዬ ሳይዩን፤

ሰላምታዬ ከእነ አክብሮቱ ይድረስዎት። ለጋሼ ዶንግሼንግም ብርታቱን ያዝልቅላቸው፤ ስድባቸው መመለሱን ሳነብ ብቻዬን ሳቅኩ። ሚስት አላገባሁም። እዚህ የዳኑብ ወንዝ አፍ ላይ ከጭቃ ጋር ነው የምኖረው።

እትዬ፣ የጠየቁኝ ጥያቄ ልቤን ነካው፤ ስለ እሷ የሚጠይቀኝ ዘመድ ኖሮኝ አያውቅምና። አለች። እንዲያውም ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርዎት። ሁለት ዓመት ተከታትሎ በመከር ወቅት በወንዛችን አንድ እንቁላል እንኳ ሳይገኝ ቀርቶ፣ ብዙዎቻችን አበቃ ብለን ነበር። ዘንድሮ ግን በውሃ ውስጥ የተከልናቸው ማዳመጫዎች ሁለት እናቶችን ሰምተዋል። ሁለቱም ከዓመታት በፊት ድምፅ የሚሰጥ ምልክት የታሰረላቸው ናቸው። ከባሕር ገብተው ያን ሁሉ መንገድ ወጥተዋል፤ ወንዝ ከገቡ ጀምሮ ምግብ አይቀምሱም። ግድቡ ስለዘጋባቸው ከእሱ በታች፣ ከአሮጌው የድንጋይ መጫኛ ፊት ለፊት ያለው ጥልቁ ላይ ይተኛሉ። እንቁላላቸው የሚጣበቅበት ንጹሕ ድንጋይ ያለው እዚያ ብቻ ነው። ከአንድ የእግር ኳስ ሜዳ ብዙም አይበልጥም። በዓለም ላይ የቀራቸው ቤት ያ ነው።

ውሃው ቀዝቀዝ ሲል እንቁላል ይጥላሉ። እዚያው ይቻንግ የዓሣ ምርምር ተቋሙ ውስጥ ያለችው ባልደረባዬ ላን በየቀኑ ትከታተላለች። ጸሎትዎን አይንፈጉን። ቦታውን ግን ለራስዎ ይያዙት።

ታናሽዎ ሺያንግ ሚንከ


ይቻንግ፣ ዘጠነኛው ጨረቃ በሞላ ማግስት

ለወንድሜ ለሚንከ፣ ደስታዬ ከእኔ አልፎ አንተ ዘንድ ይድረስ፤

ጤናህን ሳልጠይቅ ወደ ወሬው ብሮጥ ይቅር በለኝ፤ ጣቴ አልታገስ አለኝ። አደረግነው። ለአሮጊቷ ዓሣህ ጎረቤት ሰጠናት።

እንዴት መሰለህ፤ ደብዳቤህን ይዤ ሆው ቤት ሄድኩ። ለራስዎ ይያዙት ብለሃል፣ አውቃለሁ፤ ግን ሆው ማለት እኔው ነኝ። አንብባ ስትጨርስ መነጽሯን አወለቀች። «ሳይዩን፣ በዓለም አንድ ቤት ብቻ የቀራት ነፍስ ከሆነች፣ ከዚህ የሚበልጥ ምን ምጽዋት አለ? ዘመዶቿን እንመልስላት» አለች። ዕለቱን ከላይኛው ገባር ወንዝ የዓሣ እርባታ ያለውን ነጋዴ አስጠራችው። ሰውዬው ስተርጅን ያረባል፤ ለእንቁላሉና ለሥጋው። ክንድ ክንድ የሚያህሉ፣ አፍንጫቸው የሾለ፣ ጋሻቸው የተደረደረ፣ ከአንተዋ ዓሣ ጋር ቁርጥ አንድ ናቸው።

ሁለት የጭነት መኪና ሙሉ አመጣ። ጎህ ሲቀድ በሦስት ጀልባ ተሳፍረን ከአሮጌው የድንጋይ መጫኛ ፊት ለፊት፣ አንተ ያልክበት ቦታ ድረስ ቀዘፍን። የአኻያ ቅርንጫፍ ውሃ ነክረን ረጨናቸው። እያንዳንዷ ሴት ጎንበስ ብላ የበሽተኛዋን ስም ሹክ ትላለች። ነጋዴው ቆሞ አይቶን፣

«እናቶቼ፣ ዓሣ እኮ ጆሮ የለውም» አለ።

«አንተስ ያለህ ይመስልሃል? ዋጋ ቀንስ ስንልህ መቼ ሰማህ?» አለችው ሆው። ጀልባው እስኪወዛወዝ ሳቅን።

እኔ ዶንግሼንግ፣ ዶንግሼንግ እያልኩ ስንቱን እንደለቀቅኩ አላውቅም፤ ከንፈሬ ደረቀ። እና ታምሩን ስማ፤ ካርፕ ስትለቀው ሽው ብሎ ይጠፋል፤ እነዚህ ግን አልሄዱም። ቀጥ ብለው ወደ ታች ሰመጡ፣ እዚያው ቀሩ። ጀልባ ቀዛፊው ዛሬም ድንጋዩ ላይ አፋቸውን ደፍተው ሲርመሰመሱ በዓሣ መፈለጊያ መሣሪያው አያቸው። «ቤታቸው የገቡ ይመስላሉ» አለኝ። ዶንግሼንግ በነጋታው እስከ በሩ ብቻውን ሄደ። አንተ ደውለህ ነበር አሉ፤ እሱ አንስቶት «ማነው? እሺ፣ እሺ» ብሎ ዘጋብህ። የጀልባ ሞተር የበላውን ጆሮውን ታውቃለህ።

አሁን የምለምንህ አንድ ነገር ነው፤ ምን ይወዳሉ? ሳምንት ሳምንት ምግብ ልንወስድላቸው አስበናል።

ደስተኛዋ እህትህ ሳይዩን


ቱልቻ፣ ጥቅምት 24

ለእትዬ ሳይዩን፤

ይህን ላን አትማ በእጇ ታደርስልዎታለች። ፖስታው ቀርፋፋ ነው፤ በስልክ ደግሞ ከእርስዎ ጋር ወሬ ገጥሞ ያሸነፈ ሰው አላውቅም።

እባክዎ ቁጭ ብለው ያንብቡት። በክፋት እንዳላደረጉት አውቃለሁ። ቦታውን የነገርኩዎትም እኔ ነኝ። ነገር ግን የለቀቃችኋቸው የእሷ ዘመዶች አይደሉም። ከሩቅ ሰሜን ወንዞች የመጡ ዝርያዎች በእርባታ ተዳቅለው የተወለዱ ዲቃሎች ናቸው። መልካቸው ይመሳሰላል። እሷ ወንዝ ውስጥ ጾመኛ ናት፤ እነሱ ግን ቀን ከሌት ከታች እየለቀሙ የሚበሉ ናቸው። ድንጋዩ ላይ አፋቸውን የደፉት ቤታቸው ስለገቡ አይደለም።

አንደኛዋ እናት ባለፈው ሳምንት ወደ ባሕር ስትመለስ ተሰምታለች። ጥላ መሆን አለበት። እንቁላሏ የት እንደደረሰ አናውቅም። ሁለተኛዋ ገና አልጣለችም፤ እዚያው ጥልቁ ላይ አለች። ከመጣሏ በፊት ዲቃሎቹ በመረብ መውጣት አለባቸው። ጥልቁ ሰፊ ነው፤ ላን ጀልባዎቹ በትክክል የት የት እንደቆሙና ምን ያህል እንደለቀቃችሁ ካላወቀች መረቡ እናቲቱንም ሊጎዳት ይችላል። ማንንም ለመክሰስ አይደለም። ለላን ብቻ ያሳዩዋት። ምግብም አይውሰዱላቸው።

በትሕትና፣ ሚንከ


ይቻንግ፣ አሥረኛው ጨረቃ በወጣ ዕለት

ለሚንከ፤

ደህና ነኝ። ዶንግሼንግም ደህና ነው፤ ይበላል። ያቺ ላን የምትባለው ልጅ ሁለት ጊዜ መጣች፤ መንደሪን ሰጥቼ ሸኘኋት። እያንዳንዱ ዓሣ ላይ የማንን ስም እንደጠራሁ ነግሬሃለሁ። የሰጠሁትን ልንጠቅ ነው የምትለኝ? የተማርክ ልጅ ነህ፣ ዓሣ ታውቃለህ፤ እኔ ደግሞ ባሌን አውቃለሁ። ይህን ነገር ዳግመኛ አትጻፍልኝ።

ሳይዩን


ቱልቻ፣ ኅዳር 4

ለእትዬ ሳይዩን፤

አትጻፍ ብለውኛል። ይህን ሳልጽፍ ከቀረሁ ግን በኋላ ለምን አልነገርከኝም ይሉኛል ብዬ ፈራሁ።

ላን ከጥልቁ ዳር በመንጠቆ አንድ ዓሣ አወጣች፤ ከለቀቃችኋቸው አንዱን። ሆዱን ከፈተችው። ሁለት መከር ስንፈልገው የነበረውን እንቁላል እዚያ አገኘነው። ዘንድሮ የዱሯ እናት በእርግጥ መጣሏን ያወቅነው ከዓሣው ሆድ ነው። ላን በስልክ ስትነግረኝ ደስ ይበለኝ ወይስ ላልቅስ ጠፋኝ።

ሁለተኛዋ እስከ ትናንት አልጣለችም። ውሃው እየቀዘቀዘ ነው። አንዴ ከጣለች ዓመታት ቆይታ ነው የምትመለሰው፤ ከተመለሰች ማለቴ ነው። ከእሷ ኋላ የምትመጣ ሌላ እናት መኖሯን አናውቅም።

ለባለቤትዎ ነፍስ ዋጋ የማልሰጥ አይምሰልዎት። ግን በዓሣዎቹና በእሳቸው መካከል የታሰረ ገመድ አለ ብዬ ልዋሽዎት አልችልም። ቢኖርማ ኖሮ እኔው ራሴ እጠብቃቸው ነበር።

ሚንከ


ይቻንግ፣ የአሥረኛው ጨረቃ አጋማሽ ሲቃረብ

ለወንድሜ ለሚንከ፤

ሰላም ላንተ ይሁን፤ ከባለፈው ብጣሽ ወረቀት በኋላ አፍሬ ነው የምጽፈው። ብርዱ እንዴት ይዞሃል?

ያልነገርኩህ ነገር ነበር። ዶንግሼንግ ይበላል ያልኩህ ውሸት ነው። በሩ ድረስ በሄደ በሦስተኛው ቀን ተመልሶ ተኛ። ማንኪያውን ወደ አፉ ሳደርስለት አፉን ያዞራል። ይህን ለሆው እንኳ አልነገርኩም፤ ዓሦቹ እስካሉ ድረስ ይመለሳል ብዬ። ላን ስትመጣ በሩን ገርበብ አድርጌ የማወራው የሱ ሳል እንዳይሰማት ነበር።

ደብዳቤህን ትራስ ሥር ደበቅኩት። የእሱ ትራስ ሥር፤ ሞኝነቴን እይ። አገኘው።

«አንብቢልኝ» አለ።

«ስለ አየር ጠባይ ነው የጻፈው።»

«ሬዲዮኔ ስትዋሽ ትንሻኳሻለች። አንብቢ።»

ጆሮው አጠገብ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ጎረቤት ሁሉ ሳይሰማ አልቀረም። ጨርሼ ሳየው ፈገግ ብሏል፤ ተናደድኩ።

«ምን ያስቅሃል?»

«ለካ ለእኔ ነው ይህ ሁሉ ዓሣ። በጉልምስናዬ አንዷን ይዤ ነበር፤ ከጀልባዬ ትረዝማለች። ያኔ ክልክል አልነበረም። መንደር ሙሉ በላናት። ሆዷን ስንከፍተው እንቁላሉ ጉልበቴ ድረስ ፈሰሰ። ያን ጊዜ ማንም ዕድሜ ይቀነስብሃል ያለኝ የለም።»

«እንግዲህ አሁን…»

«አሁንማ ከወንዙ የበላሁት ይበቃኛል። በልጆቿ ሕይወት አታቆይኝ፣ ሳይዩን። ይዝጋሽ፣ ልጅቷን ጥሪያት።»

ጠራኋት። ከላንና ከሠራተኞቿ ጋር ጀልባው ላይ ወጣሁ፤ ሦስቱም ጀልባዎቻችን የቆሙበትን፣ ሆው የጸለየችበትን፣ እኔ ጎንበስ ያልኩበትን አሳየኋቸው። መረቡን ቀስ ብለው ከዳር ወደ መሐል ሰበሰቡ፤ ላን ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ እናቲቱ ያለችበትን እየጠቆመች «እዚያ አይደለም፣ እዚያ አይደለም» ትላለች። ዓሦቹ ሲወጡ ወፍረዋል። እኔ ሳፋውን ይዤ ነበር። ላን «እትዬ፣ ዞር ቢሉ ይሻላል» አለችኝ፤ አልዞርኩም። የመጀመሪያው ዓሣ ሆድ ሲከፈት እንደ ቁንዶ በርበሬ ያለ ጥቁር ነገር ተንዠቀዠቀ፣ እርስ በርሱ ተጣብቆ። ከሁለተኛው ሆድም። ከሦስተኛውም። በዶንግሼንግ ስም የለቀቅኩት የትኛው እንደሆነ ማወቅ አልችልም። ምናልባት ሁሉም ናቸው።

አብዛኞቹ ወጥተዋል ብላለች ላን። እናቲቱ አልተነካችም፤ ድምፅዋ ይሰማል። ለእኔም አስደመጠችኝ፤ ቲክ፣ ቲክ፣ ቲክ ይላል፤ የደረት ማዳመጫ ያደረግኩ መሰለኝ።

ቤት ስገባ «ወጡ?» አለኝ። «ወጡ» አልኩት። «እሷስ?» «አለች።» «ደግ» ብሎ ዓይኑን ጨፈነ። ይህ ከትናንት ወዲያ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ አይናገርም። ስለ ሳንባ የሚያውቅ ጓደኛ እዚያ ካለህ ጠይቅልኝ፤ የፎቶውን ግልባጭ ልኬልሃለሁ። ሆው ነገሩን ሰምታ መጣች፤ በር ላይ ቆማ «የሰጠሽውን ወሰድሽ» ብቻ ብላኝ ሄደች። ከእሷ በቀር ከማኅበሩ ማንም አልመጣም።

እህትህ ሳይዩን


ቱልቻ፣ ኅዳር 14

ለእትዬ ሳይዩን፤

እጅዎን እስማለሁ። ፎቶውን እዚህ ለሚገኝ ሐኪም አሳይቻለሁ። የሚለውን ልጽፍልዎት ሦስት ጊዜ ጀምሬ ተውኩት። ከጋሼ ዶንግሼንግ ጎን አይራቁ። ሙቅ ውሃ በጥቂት በጥቂቱ ያጠጧቸው። እናቲቱ በዚህ ሳምንት ሳትጥል አትቀርም፤ ይህን ይንገሯቸው።

ሚንከ


ይቻንግ፣ አሥረኛው ጨረቃ በሞላ ማግስት

ለወንድሜ ለሚንከ፤

ሰላም ብዬ ልጀምር እንጂ ሰላም የለኝም። ዶንግሼንግ ትናንት ጠዋት አረፈ። ደብዳቤህን ላን አምጥታልኝ እናቲቱ ልትጥል ነው ብዬ በጆሮው ጮህኩለት፤ ጣቴን ጨበጥ አደረገ። ሰምቶኝ ይሁን ወይ ስለጮህኩበት ተናዶ፣ አላውቅም። ሬሳው እዚሁ ሳሎን ነው፤ ሻማው ሦስት ቀን እንዳይጠፋ እየጠበቅኩ አጠገቡ ነው የምጽፍልህ።

ዛሬ ጠዋት ሆው መጣች። ከማኅበሩ ሴቶች ሁሉ ጋር፣ ሁሉም የለቅሶ ነጭ ለብሰው። በሩ ላይ ስታየኝ ተንበረከከች፤ ያቺ ወታደር። «ይቅር በይኝ፣ በሐዘንሽ ላይ ክፉ ተናግሬሻለሁ» አለች። ተቃቀፍን፣ አለቀስን። ቀጥላም እጄን በሁለት እጇ ይዛ፣

«ብቻውን አልሸኘነውም» አለችኝ።

«ማለት?»

«ማረፉን ትናንት እንደሰማን፣ ሁላችንም ያለንን አዋጣን። ነጋዴውም ከኪሱ ጨመረ፣ አስበሽዋል፣ ያ ቆንቋና። አራት መኪና ሙሉ። ዛሬ ጎህ ሲቀድ በስሙ ለቀቅናቸው፤ መንገዱ እንዲቀናው። ያንቺዎቹ ከነበሩበት ከዚያው ቦታ። ጎድሎብሽ የነበረውን ሞላንልሽ።»

ሴቶቹ ሁሉ እንባቸውን እየጠረጉ ፈገግ ብለው ያዩኛል። አንዷ «ከመጀመሪያዎቹ ይተልቃሉ» አለች።

ሚንከ፣ ምን እላለሁ? ለሬሳ የመጣ ስጦታ ነው። አመሰገንኳቸው። ሻይ ቀዳሁላቸው። ጠጥተው ሄዱ።

ላን ጋ ደውዬ ነገርኳት። «እትዬ፣ እናቲቱ ትናንት ማታ መጣል ጀምራለች» አለችኝ። ጀልባ እያዘጋጁ ነው። ሐዘን ላይ ነዎት፣ እርስዎ አይምጡ፣ እኛው እንፈልጋቸዋለን ብላለች። ሲፈልጉ ይመሻል። ጥልቁ ላይ መረብ በጭፍን ይጥላሉ። ለሆው ደግሞ ደውዬ ጀልባው የት የት እንደቆመ ጠየቅኳት። ሄጄ ልጸልይበት መሰላት፤ ደስ ብሏት አንድ በአንድ ነገረችኝ። ላንን «በዚህ በኩል አልፋችሁ ውሰዱኝ» አልኳት።

ሬሳ ሳይቀበር ከቤት የወጣች ሚስት ሰፈሩ ምን እንደሚላት ታውቃለህ፤ አንተም እዚህ ያደግክ ነህ። የሰጡትንም ከውሃ ልታወጣ መሄዷን ሲሰሙ በቀብሩ ሳጥኑን የሚሸከም ሰው ላላገኝ እችላለሁ። የታችኛዋ ጎረቤቴ ሻማውን እንድትጠብቅልኝ ጠይቄያታለሁ፤ እስከምመለስ እዚህ ትቀመጣለች። ወዴት እንደምሄድ ግን አልነገርኳትም።

የላን ጀልባ ከቤታችን በታች ወዳለው የወንዝ ደረጃ እየተጠጋ ነው፤ የሞተሩ ድምፅ ይሰማኛል። ነጩን የለቅሶ ጨርቅ ከራሴ አላወርድም። ከፊት ተቀምጬ እጠቁማቸዋለሁ።

እህትህ ታን ሳይዩን